የማክሰኞ ዳዊት

አባዬ ያረፈው ሚያዝያ 6 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ የሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ። ቡታጅራ ባለው ቤታችን፣ ከልብስ ስፌት መኪናው ጎን፣ ሁልጊዜ ዳዊቱን በሚደግምባት ጥግ። ጧፍ አብርቷል። መጽሐፉን ግን ገና ከማኅደሩ አላወጣውም። እማዬ ድምፁ ሲጠፋባት ከመኝታዋ ተነስታ ብቅ አለች፤ ግድግዳውን ተደግፎ አየችው። እንቅልፍ የጣለው መስሏት፣ ጧፉ ጋቢውን እንዳያቃጥለው እፍ ብላ አጠፋችው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት ይኸው ነው። «በጨለማ ተውኩት» ትላለች።

እኔ ወልቂጤ አስተማሪ ነኝ፤ አማርኛ አስተምራለሁ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ተነገረ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጉ ተባለ። ለ15 ቀን የሚሆን ልብስ ይዤ ቡታጅራ ገባሁ። ከአባዬ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ወር ሙሉ ስቀመጥ ከስንት ዓመት በኋላ ነበር። ያ ወር ባይሰጠኝ ኖሮ ይህን ለመጻፍም አቅም አይኖረኝም ነበር።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። በዚያ ዓመት ለፋሲካ ልብስ የሚያስለካ ሰው ጠፋ። እሱ ግን አንድ ጣቃ አቡጀዲ ገዛና ማስክ መስፋት ጀመረ። ጠዋት ዳዊቱን ከደገመ በኋላ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ አቡጀዲውን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፤ በሳሙና ስባሪ ምልክት ያደርጋል፤ ይቆርጣል። እኔ ላስቲክ እለካለሁ፣ እማዬ ትተኩሳለች። ሲሰፋ እግሩ መርገጫው ላይ፣ ከንፈሩ ደግሞ ጠዋት በጀመረው መዝሙር ላይ ነበር። ለሰፈሩ ሰው ሁሉ አዳረሰ፤ ገንዘብ የተቀበለው ከጥቂቱ ነው።

ጣቃው አላለቀም። ማክሰኞ ጠዋት ከተረፈው ላይ የእሱ መግነዝ ተቆረጠ። በገዛ መቀሱ። የእድራችን ሽማግሌ «ሜትር አለ?» ሲሉኝ ከመኪናው ራስ ላይ አንስቼ ሰጠኋቸው። የሜትሩ ጫፍ ከጣቱ ብዛት ተፍቆ፣ ከአንድ እስከ ሰባት ያሉት ቁጥሮች አይነበቡም። ሽማግሌው ትንሽ አገላብጠው አዩትና ከስምንት ጀምረው ለኩ።

ስለ ሆሳዕና ሳልናገር ወደ ቀብሩ መሄድ አልችልም።

ሆሳዕና ሚያዝያ 4 ነበር። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል። ምእመናን ቤታቸው እንዲጸልዩ ተነግሯል፤ የሚቀድሱት ጥቂት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ነበሩ። አባዬ ግን ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ወጣ። እንደ እሱ አላስችል ካላቸው ጥቂት ሰዎች ጋር፣ ተራርቀው፣ ከቅጽሩ ውጭ ቆመው አስቀደሱ። አንድ ዲያቆን ዘንባባ በአጥሩ ላይ አቀበላቸው። ቤት ሲመለስ ቅጠሏን ሰነጣጠቀና ለሦስታችንም ቀለበት ሠራልን። የእሱን በግራ እጁ አጠለቀ፤ ቀኙ የመቀስ እጅ ነው።

እሱ ከመመለሱ በፊት ድምፅ ማጉያው ቅዳሴው ካለቀ በኋላም አልተዘጋም፤ ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር። «ዛሬ ምን ነበር እንዲህ የረዘመው?» አልኩት ሲመለስ።

«ፍትሐት ነው» አለኝ። «በሕማማት ፍትሐት ስለሌለ፣ በዚህ ሳምንት ለሚሞተው ሁሉ ዛሬ ነው የሚጸለየው።»

ሥርዓቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ልብ ብዬ ግን አላውቅም። ይህን ሲነግረኝ መርፌው ዓይን ውስጥ ክር እያስገባ ስለነበር ቀና እንኳ አላለም። ከሁለት ቀን በኋላ ጸሎቱ የእሱም እንደነበር አወቅን። ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ፣ ከሕዝቡ ጋር አሜን እያለ፣ የራሱን ፍትሐት ሰምቷል።

የቀብሩ ዕለት የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጥሩምባ ነፊው የአባዬን ስም ጠራ፤ ከዚያ እኔ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር አለ፦ «ከየቤታችሁ ሆናችሁ አልቅሱ!» ጥሩምባ ሰው የሚጠራ ነገር ነው። በዚያ ቀን ሰው ሲመልስ ሰማሁት። የኛ ሰው ለቅሶ ላይ መቅረትን እንደ ትልቅ ነውር የሚያይ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ፣ ሌሊት ተጉዞ፣ አፈር ሳይለብስ ይደርሳል። ያን ዕለት ሰዎች በራቸው ላይ ቆመው፣ ማስክ አድርገው፣ አስከሬኑ ሲያልፍ አንገታቸውን ደፉ። ማስኮቹን አየኋቸው። ነጭ አቡጀዲ፣ ዙሪያው ሁለት ጊዜ የተሰፋ። የአባዬ ስፌት ነው። በሁለቱም በኩል የቆመው ሰው ሁሉ የእሱን ሥራ ፊቱ ላይ አድርጎ ሸኘው።

ሞቱን ከኮሮናው ጋር ያገናኙትም ነበሩ። በአገሪቱ በምርመራ የተገኙት ታማሚዎች ያኔ ገና መቶ አልሞሉም፤ ፍርሃቱ ግን ሁሉም ቤት ገብቷል። አባዬ ደም ግፊት ነበረበት፤ ከሰፈር የማያውቅ አልነበረም። ሆኖም ከእኛ ቤት የወጣ ሰሃን ለመንካት የፈሩ ነበሩ። አልፈርድባቸውም። ያኔ ግን ፈረድኩባቸው።

ካህኑ መስቀላቸውን አላሳለሙንም። በሰሙነ ሕማማት መስቀል መሳለም የለም፣ መጨባበጥ የለም፣ መሳሳምም የለም፤ ይሁዳ በመሳም አሳልፎ የሰጠበት ሳምንት ነውና። አዋጁ ለአገር ሁሉ የከለከለውን ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ለአንድ ሳምንት ስትከለክለው ኖራለች። ይህን ያሰብኩት ቆይቼ ነው። መቃብሩ አጠገብ ቆሜ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፦ በአስከሬኑ ላይ ፍትሐት አልተደረገም፣ ሰው አልተሰበሰበም፣ እንደማንም ተቀበረ። ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ እዚያም ሁሉ ነገር ተዘግቶ ነበር፣ አውሮፕላንም አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ በኢሞ ያሳየው ነበር። አፈር መመለስ ሲጀመር መስመሩ ተያዘ። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ያየው አንድ አካፋ አፈር አየር ላይ ቆሞ ነው።

ያ ማክሰኞ በቤተ ክርስቲያን «የጥያቄ ቀን» ይባላል፤ የካህናት አለቆች ጌታን በምን ሥልጣን ይህን ታደርጋለህ ብለው የጠየቁበት ነው። እኔም ያን ዕለት ጥያቄዬን አላስቀረሁም። የንስሐ አባታችን ማታ በራችን ላይ ቆመው፣ ካስቀመጥነው ባለ ቧንቧ ጀሪካን እጃቸውን ታጥበው ገቡ። ሳላስቀምጣቸው ጀመርኩ። ከዓመቱ ሳምንታት ሁሉ ይህ ሳምንት ለምን ተመረጠ? ሃምሳ ዓመት ዳዊት የደገመ ሰው ያለ ፍትሐት ይቀበራል?

አልተቆጡም። «ቆሞ አሜን ያለበት ፍትሐት ያለው ስንት ሰው ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉ። ሲወጡ ግን ዞር ብለው፣ «ኢዮብን አንብቢ። ከመጨረሻው እንዳትጀምሪ ብቻ» አሉ።

ልማዱ ሦስት ቀን መሬት መቀመጥ ነው። ድንኳን አልተተከለም። ሳሎኑ ውስጥ ጅባ አነጠፍን፣ ሰው አራት አራት እየሆነ ይገባል፣ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ ይወጣል፣ ሌላ አራት ይገባል። ማስክ ያደረገ ሰው ማውራት አይመቸውም። እናም አላወሩም። «አይዞሽ»፣ «ፈጣሪን አታማሪ»፣ «ከዚህ የባሰ አለ» የሚለው፣ በሌላ ጊዜ እንደ ዝናብ የሚወርደው ቃል፣ ከአቡጀዲው በስተኋላ ቀረ። ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ዓይን ብቻ ሲታይ ሰው የሚያለቅስበት መንገድ ሌላ ነው፤ ማስኩ ከላይ ጀምሮ እየራሰ ይወርዳል።

ሌሊት ኢዮብን ስከፍት ያንኑ አገኘሁ። ሦስቱ ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር የደረሰበትን ሰምተው ከየአገራቸው ይመጣሉ። ከሩቅ ሲያዩት መልኩ ጠፍቶባቸው ይጮኻሉ፣ ልብሳቸውን ይቀድዳሉ፣ ትቢያ ይነሰንሳሉ። ከዚያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ሕመሙ እጅግ ከባድ መሆኑን አይተዋልና አንድም ቃል የተናገረው የለም። ይህን ክፍል በልጅነቴ ሰምቼው መሆን አለበት፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ያን ሌሊት ነው ብል ይቀለኛል። እነዚያ ሰዎች ለቅሶ መድረስ ያውቁ ነበር። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሠላሳ ምዕራፍ ያህል ክርክር «በድለህ ነው፣ አምላክ ያለ ምክንያት አይቀጣም» የሚል ነው፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ላይ ሳይሆን «ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም» ባላቸው በእነሱ ላይ ነው።

የኛ ኤልፋዞች የመጡት በስልክ ነበር። ቤት ያልደረሰ ሁሉ ይደውላል፤ በስልክ ደግሞ ማስክ የለም። አንድ ዘመዳችን እንዲህ አለኝ፦ «እግዚአብሔር የወደደውን ነው የሚወስድ፤ ማልቀስ አለማመን ነው።» ስልኩን ዘጋሁበት። ጥሩ ሰው ነው፤ ሊያጽናናኝ ነው። ግን አባቴን ከሞት ቀጥሎ ሊወስድብኝ የመጣ ያህል ነው የተሰማኝ፤ ለቅሶዬን ሊወስድብኝ።

ከኛ ቤት በስተምሥራቅ የቆርቆሮ አጥር አለ፤ አጥሩ ላይ አንድ ቆርቆሮ ተነቅሎ የቀረ ክፍተት አለ። እማዬና ጎረቤታችን እሳት የሚለዋወጡት፣ ቡና የሚጠራሩት በዚያ ነው። ጎረቤታችን እስላም ናቸው፤ እኛ እማማ እንላቸዋለን። አባዬ ከአርባ ዓመት በላይ ልብሳቸውን የሰፋላቸው ሰው ነው። ከአራቱ ውስጥ ለመግባት ተራ መጠበቅ አልሆንላቸው ሲል በርጩማቸውን ክፍተቱ አጠገብ አምጥተው በራሳቸው ግቢ ሆነው ተቀመጡ። እማዬ በዚህ በኩል፣ እሳቸው በዚያ በኩል። ሦስት ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያም በኋላ። ሚያዝያ 16 ረመዳን ገባ፤ እየጾሙም መጡ። መስጊድም ተዘግቶ ስለነበር ተራዊሕ የሚሰግዱት ቤታቸው ነበር። «የናንተም ሕማማት፣ የኛም ረመዳን ዘንድሮ ቤት ውስጥ ሆነ» አሉ አንድ ቀን።

እማዬ በሁለተኛው ሳምንት ማልቀስ አፈረች። ሰው ሲመጣ ዓይኗን ጠርጋ ትቀመጣለች። እማማ ይህን አይተው ነው የያዕቁብን ነገር ያነሱት።

«ነቢዩላህ ያዕቁብ በዩሱፍ ስንት ዘመን አለቀሱ?» አሉ። «ዓይናቸው ነጭ እስኪሆን! ነቢይ ናቸው እኮ። ልጆቻቸው ‹ልትሞት ነው እንዴ› ሲሏቸው፣ ‹እኔ ሐዘኔን የምነግረው ለአላህ ነው፣ ለእናንተ መቼ ነገርኩ› ነው ያሉት። ሶብር የላቸውም ያለ አለ? ሶብር ማለት አለማልቀስ መሰለሽ? ወደ አላህ እያለቀሱ መቆየት ነው።»

እማዬ ኦሪት ዘፍጥረት ውስጥ ያለውን ያዕቆብ ታውቀዋለች፤ የልጁን በደም የተነከረ ልብስ ሲያሳዩት ማቅ ለብሶ፣ ልጆቹ ሁሉ ሊያጽናኑት ቢነሱ መጽናናትን እንቢ ያለውን። «የኛም እንቢ ብሏል» አለች። ሁለቱ ሴቶች ቆርቆሮ በመሃላቸው አድርገው አንድ ሽማግሌ ስለ አንድ ልጅ እንዴት እንዳለቀሰ አወሩ፤ አንዷ የረሳችውን ሌላዋ እያስታወሰች። የዮሴፍ ልብስ ኋላ ላይ ለያዕቁብ ዓይን መዳኛ እንደሆነ እማማ ሲናገሩ እማዬ አልሰማችም ነበር። «በልብሱ?» አለች። «በቀሚሱ። ፊታቸው ላይ ሲጥሉት አዩ።» እማዬ ተነስታ ገባች፤ ስትመለስ የአባዬን የሥራ ሸሚዝ ይዛ ነበር። ጭኗ ላይ አስቀምጣው፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ፣ ሳታፍር አለቀሰች። እማማም በወዲያ በኩል።

እኔ የአባዬን ዳዊት ከማኅደሩ ያወጣሁት ከፋሲካ በኋላ በነበረው ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 13 ነው። ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን የታተመበት ነው። የገጾቹ የታችኛው ጥግ በአውራ ጣቱ ጠቁሯል፣ እዚህም እዚያም የጧፍ ጠብታ አለ። ዳዊት በሳምንቱ ቀን ተከፋፍሎ ይደገማል፤ አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል። የሰኞው ሦስት ንጉሥ ነው፣ ከ1 እስከ 30፤ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60። አባዬ ምልክት የሚያደርገው በቀይ ክር ነበር፤ መስከረም በመጣ ቁጥር አሮጌውን ጥሎ አዲስ ይቆርጣል። ክሩ በ30ኛውና በ31ኛው መካከል ተኝቷል። ሰኞን ጨርሶ፣ ለማክሰኞ አዘጋጅቶት ነው የተኛው። ያላነበበው ማክሰኞ እዚያው እንዳለ ነበር።

አነበብኩለት። በሌላ ቃል መግለጽ አልችልም፤ የእሱ ዕዳ ይመስል የቀረውን ጨረስኩለት። ግእዙን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው፣ ከመኪናው ሥር ቁጭ አድርጎ። አንደበቴ ዝጎ ስለነበር የማክሰኞው ሦስት ንጉሥ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ወሰደብኝ። የመጀመሪያው፣ 31ኛው፣ ኃጢአቱ የተተወለትን ሰው ብፁዕ የሚል ነው። ካህኑ የከለከሉን ፍትሐት በር ላይ ቆሞ የጠበቀኝ መሰለኝ። ከዚያ ወደ 50ኛው ደረስኩ፤ ዳዊት ከቤርሳቤህ ነገር በኋላ ነቢዩ ናታን በመጣበት ጊዜ የጸለየው፣ የንስሐ መዝሙር። ርእሱ ታሪኩን ስለሚጠራ መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕን አውጥቼ 12ኛውን ምዕራፍ አነበብኩ።

ያኔ አልወደድኩትም። ልጁ ታሞ ሳለ ዳዊት ሰባት ቀን ይጾማል፣ መሬት ይተኛል፤ ሽማግሌዎች ሊያነሱት ቢሞክሩ እንቢ ይላል። ልጁ ሲሞት ባሮቹ መንገር ፈርተው ይንሾካሾካሉ። እሱ ከሹክሹክታቸው ያውቃል። ይነሳል፤ ይታጠባል፤ ይቀባል፤ ልብሱን ይለውጣል፤ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ይሰግዳል፤ ከዚያ ምግብ ይጠይቃል። ባሮቹ ይገረማሉ። እኔም ከባሮቹ ጋር ነበርኩ። ምን ዓይነት አባት ነው? ያ ዘመዳችን በስልክ ይህንኑ ጠቅሶልኛል፤ «ዳዊት ተነስቶ በላ» ብሎ። ሰባቱን ቀን ግን አልጠቀሰውም። ሰው ሲያጽናና ሁልጊዜ የሚጠቅሰው የተነሳበትን ነው፣ የተኛበትን ይዘለዋል። መጽሐፉ ግን አልዘለለም።

አርባው የዋለው ቅዳሜ ግንቦት 15 ነበር። ተዝካር ማውጣት አልተቻለም፤ ዳቦና ቆሎ በላስቲክ እየቋጠርን በር ላይ ለቆሙት ሰጠን። ካህኑ መጥተው ጸለዩ፣ ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ። በማግስቱ ኢድ ስለሆነ በእማማ ግቢ ሴት ልጆች ሂና ይቀባባሉ፤ ድምፃቸውን ቀንሰው ነበር፣ ለእኛ ሲሉ። ምሽት ላይ እማማ በክፍተቱ አንድ ነገር አቀበሉን፦ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ።

«ራስሽን ታጠቢ» አሏት እማዬን። «አርባ ቀን ሆነሽ። ነገ ኢድ ነው፤ ጎረቤቴ ደርቃ ኢድ አልበላም።»

እማዬ ከቀብሩ ጀምሮ ፀጉሯን አልነካችውም። ውሃ አሞቅሁላት። ጓሮ ወንበር ላይ አስቀምጬ አጠብኳት፤ ሽበቱ በአርባ ቀን ውስጥ እንዲህ መብዛቱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቅቤውን በመዳፌ እያቀለጥኩ ከመሃል አናቷ ጀምሬ ቀባኋት። ዘቢዳር ተራራ ላይ የነበረው ብርሃን ሄዶ ነበር። ጥቁር ነጠላዋን አውልቃ ነጭ ለበሰች፣ ወደ አባዬ ጥግ ሄዳ ቆማ ጸለየች፣ ተመልሳ መጥታ «የሚበላ ነገር አለ?» አለችኝ።

ቆጮ እየቆረስኩ እጄ ቆመ። ታጠበች፣ ተቀባች፣ ልብሷን ለወጠች፣ ጸለየች፣ ምግብ ጠየቀች። ሰባት ቀን ሳይሆን አርባ ቀን መሬት ላይ ከቆየች በኋላ። ዳዊት ልጁን የረሳ ሰው አልነበረም። እሱ ወደ ልጁ እንደሚሄድ፣ ልጁ ግን ወደ እሱ እንደማይመለስ አውቆ ነው የተነሳው፤ እናቴም ይህን ስታውቅ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር።

በ2013 ትምህርት ቤት ሲከፈት ወደ ወልቂጤ ተመለስኩ። በአለም ገና በኩል ነው የሄድኩት፤ መኪናው በጢያ ያልፋል። አባዬ አዲስ አበባ ጨርቅ ሊገዛ ሲሄድ ልጅ ሆኜ ሁለት ጊዜ ይዞኝ ወርዶ ትክል ድንጋዮቹን አሳይቶኛል። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው 36 ድንጋዮች ናቸው፤ ከእነሱ 32ቱ ጎራዴና ሌላ ትርጉሙ ያልታወቀ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ከሥራቸው መቃብር አለ። የአገሩ ሰው የግራኝ ድንጋይ ይላቸዋል። አባዬ ጣቱን በቅርጹ ላይ እያስኬደ፣ እንደ ስፌት መስመር ተከትሎ፣ «ይህን የጠረበው ሰው የሞተበት ነው» ብሎኝ ነበር። በመስኮቱ በኩል ሳያቸው ያ ጣቱ ታየኝ። እንባዬ መጣ፤ አልጠረግሁትም። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዝም ብላ ሶፍት ሰጠችኝ።

ኅዳር ላይ ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ትንሽ ልጁ ሞተችበት። ቤተሰቡ ካቶሊክ ነው፤ አገሩ ከእምድብር ወዲያ ነው። ከወልቂጤ በጉብሬ በኩል ሦስት አስተማሪዎች ሆነን ሄድን። የሰሜኑ ጦርነት ገና መጀመሩ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ራዲዮው የሚያወራው ስለዚያ ነው። ለቅሶው ጀፎረው ላይ ነበር፤ ሰፊ፣ አረንጓዴ የመንደር ሜዳ፣ በሁለቱም በኩል ጎጆዎችና የእንሰት ጓሮ ያለበት። በዚያ ሜዳ ላይ ሰው ተራርቆም ቢሆን መቀመጥ ይችላል። እኛ ቤት የተከለከለው ሁሉ እዚያ ነበር፦ ሰው፣ ሰማይ፣ ቦታ።

ጓደኞቼ ንግግር አዘጋጅተው ነበር። እኔ ምንም አልያዝኩም። አጠገቡ ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ተናግረው ወደ ጥላው ሲሄዱ አልተነሳሁም። ከረጅም ጊዜ በኋላ ዞር ብሎ «የምትይኝ ነገር አለ?» አለኝ።

«የለኝም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ስለ ልጁ ማውራት ጀመረ፤ ጫማዋን ሁልጊዜ ግራና ቀኝ አፋልሳ ታደርግ እንደነበር፣ ትናንትናም አፋልሰው ቀብረዋት እንደሆነ ሲያስብ እንዳደረ። ፀሐይ ከእንሰቱ ማዶ እስክትገባ አወራ። እኔ ሰማሁ።

የ2013 ሆሳዕና ሚያዝያ 17 ዋለ። ቡታጅራ ነበርኩ። ከእማዬ ጋር ሄድን፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ቅጽሩ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። ቅዳሴው አልቆ ፍትሐቱ ሲጀመር አንዳንድ ሰው ዘንባባውን ራሱ ላይ አስሮ ወደ ቤቱ መሄድ ያዘ። እማዬ ክንዴን ያዘችኝ፤ ቆየን። በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት፣ ስማቸውን ማንም ለማያውቀው፣ ምናልባትም አጠገባችን ለቆሙት ይጸለያል። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ፣ ስልኩን የሚነካካ ጎረምሳ። እማዬ በየማሳረጊያው አሜን ትላለች፣ ጮክ ብላ፣ ለሁሉም።

አሜን እያለች ጣቶቿ አይቦዝኑም ነበር። ዘንባባ ሰንጥቃ ትጎነጉናለች። ጸሎቱ ሲያልቅ እጄን ሳበችና ቀለበቷን አጠለቀችልኝ። ሰፋብኝ። አወለቀችው፣ በጥርሷ ጫፉን ይዛ አጠበቀችው፣ እንደገና አጠለቀችልኝ።

«የአባትሽን ልክ ነበር የያዝኩት» አለች።